ንቦች የተሳፈሩበት ጀልባ

ያን ጠዋት የዋንዛ ጀልባዬን በሰፈፍ አሸሁት። ያሸሁትም ጎረቤቴ ቀፎዎቹን ከደረደረበት ጥግ ነው። ስድሳውን ያለፈ ሰው ይህን ያደርጋል? እኔ አደረግሁት። ገና እጄን ሳልታጠብ የዘንገና ሐይቅ ዳር ንብ በሙሉ ጀልባው ላይ ተሳፈረ፤ እኔም ጋቢዬን ጥዬ ዕድሜዬ በማይፈቅደው ፍጥነት ቁጥቋጦ ውስጥ ገባሁ።

ጎረቤቴ ሆዱን ይዞ ይስቃል። "አንተ ሽማግሌ! የሠራኸው ጀልባ ነው ወይስ ቀፎ?"

"ተሳፋሪ ጠፋ ስልህ አልነበር? ይኸው ሞላልኝ!" አልሁት ከተደበቅሁበት።

ሳቁ ቶሎ ቆመ። እሑድ የሴት ልጁ ሠርግ ነው። በዚያ ሰሞን የእንጅባራ ሙሽራ ሐይቁ ላይ ፎቶ ካልተነሣች ያገባች አይመስላትም ነበር፤ እኔም በጀልባዬ ላስቀምጣት ቃል ገብቻለሁ። ቬሎው የኪራይ ነው። ከቆሸሸ ጉዱ የአባትየው ነው።

ዓምና ጀልባውን ቫርኒሽ ቀብቼው ነበር። ሲያበራ ለጉድ ነው፤ ጢሜን አይቼበት ተላጭቻለሁ። ግን ፀሐይና ውሃ ሲፈራረቁበት ተሰነጣጥቆ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሣ። የባጃጅ ሾፌሮች የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀባው አሉኝ። ለአጥር ደህና ነው፤ ለቬሎ ግን አስቡት። ቀለም እንዳልቀባው የዋንዛውን መልክ በቁሙ መቅበር ሆነብኝ። ስለዚህ እንጨቱ ውስጥ የሚሰርግ ነገር፣ የተልባ ዘይትና ሰም መረጥሁ። ምርጫዬ ልክ ነበር። ጉዱ ከጠጅ ቤት ያመጣሁት ሰፈፍ ነው፤ ማሩ ገና አለቀቀውም።

አመሻሹ ላይ ንቦቹ ሲገቡ ጀልባውን በሙቅ ውሃ አጥበን ፋቅነው። ጎረቤቴ ከቤቱ የተጣራ ሰም ይዞ መጣ።

"ይህ የስለት ነው፤ ልጄን በሰላም ከዳርሁ ጧፍ ላደርገው ያስቀመጥሁት።"

"ታዲያ ለምን አመጣኸው?"

"ጀልባህ ላይ ተጣብቃ ከቀረችማ ምን ስለት አለ?"

ሰሙን በፈላ ውሃ ላይ አቅልጬ ጥቂቱን ከብዙ ዘይት ጋር ቀላቀልሁ። ስስ አድርጌ አሸሁና እንጨቱ ያልጠጣውን በደረቅ ጨርቅ ጠረግሁ። ዋናው መጥረጉ ነው፤ ያልተጠረገ ዘይት ሳምንትም ቢቆይ እጅ ይይዛል። ከዚያ ለፀሐይ ሰጠሁት።

እሑድ ሙሽራዋ ተቀመጠች፤ ፎቶው ተነሣ፤ ሠርገኛው ወደቆመበት ዳር ተመለስን። እኔ መቅዘፊያዬን ታቅፌ ላብ በላብ ሆኛለሁ።

"አባባ፣ ልነሣ?" አለችኝ።

"ተነሺ፤ ቀስ ብለሽ ግን!"

ተነሣች። ሠርገኛው በሙሉ የሙሽራ መቀመጫ በአደባባይ ሲመረምር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እናቷ አዙራ አየቻት፣ ደግማ አየቻትና እልልታዋን አቀለጠችው። ነጭ ነው! አባትየው ትከሻዬን በቡጢ መታኝ፤ ምስጋና መሆኑ ነው።

ልጅቱ አሁን ሁለት ወልዳለች። ጎረቤቴ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ባገኘኝ ቁጥር መጀመሪያ የሚያየው እጄን ነው። እኔም ባዶ እጄን ከጋቢዬ ስር እከታለሁ፤ የስለቱ ጧፍ እስከ ዛሬ እኔ ላይ ነው።