አፍ አስፈታች የተባለችው ሴትዮ
አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው የሐበሻ ካፌያችን እንደሚወራው ከሆነ፣ ልዩ ድጋፍ የሚፈልጉ ሕፃናት ክፍል ውስጥ ረዳት አስተማሪ የሆነችው ያቺ ሴትዮ አንድ ተናግሮ የማያውቅ ልጅን በአንድ ጀምበር አፍ አስፈታች። መስኮቱ ጋ የሚቀመጡት በጸበል ነው ይላሉ፤ ከጀርባ ያሉት ጴንጤዎች ደግሞ እጅ ጭናበት ነው ባይ ናቸው። እኔ ግን ተጠራጠርኩ። ተአምር የምትሠራ ሴት በዚህ ብርድ ባስ ስትጠብቅ አትታይም።

ጆሮ ጌጥ አታደርግም፤ ልጆቹ ይጎትቱታል። አንገቷ ላይ ልጆቹ የሚፈልጉትን የሚያሳዩባቸው የውሃ፣ የኳስና የሽንት ቤት ሥዕሎች ተንጠልጥለዋል፤ ማኪያቶ ስታዝ እንኳ ጣቷ ወደ ሥዕሎቹ ይሄዳል። አንድ ነገር ከጠየቀችህ መልስህን ዝም ብላ ትጠብቃለች። የኛ ካፌ ሰው ደግሞ ዝምታ ስለማይችል የግሪን ካርዱን ታሪክ ከነጠበቃው ይዘከዝክላታል።

ቅዳሜ ዕለት ባዩሽ የምትባል የላንግሊ ፓርክ ሰፈር እናት አጠገቧ ቁጭ አለች። ልጇ ሰኞ ሴትዮዋ ክፍል ይገባል።

«እህቴ፣ ያንን ልጅ እንዳናገርሽው የኔንም አናግሪልኝ» አለቻት።

ካፌው በሙሉ ጆሮ ሆነ።

«ልጁ እኮ አንድም ቃል አልተናገረም» አለች ሴትዮዋ። «የውሃ ሥዕል እጄ ላይ አስቀመጠ፤ ውሃ ሰጠሁት። በማግስቱ ጭማቂ ሳቀርብለት ያንኑ ሥዕል አፍንጫዬ ላይ ለጠፈልኝ።»

ባዩሽ ሳቀች። «የኔም እንደዚያ እልኸኛ ነው።»

«ደስ ሲል! ከእልኸኛ ጋር ቶሎ እንግባባለን። ሌላው የሰማሽው ግን ከጸበሉ እስከ ጸሎቱ ውሸት ነው።»