ምሰሶው ምን ተሸክሟል?

የሰፈሩ ሰው አናጢውን «ጋሽ ቆይ» ይለዋል፤ «ቆይ እስኪ» ሳይል መጋዝ አንስቶ አያውቅም። ሚስቱ እንኳ «እኔንም ያገባኝ ዙሪያዬን አንኳኩቶ ነው» እያለች ታስቅበታለች።

ዛሬ የተጠራው ደረጃው ሥር ያለውን ምሰሶ እንዲያነሳ ነው። የቤቱ ልጅ ነገ እናቷን ከሆስፒታል ታመጣለች። እናትየው ከእንግዲህ በዊልቸር ነው የሚንቀሳቀሱት፤ በምሰሶውና በትይዩው ግድግዳ መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ ዊልቸር አያሳልፍም። መታጠቢያ ቤቱ ከዚያ ወዲያ ነው። «ሰው ከሚሸከመኝ እዚሁ ሆስፒታል ልቅር» ብለዋል።

«ጌጥ እኮ ነው ጋሼ» አለች ልጅቱ። «ነፍሱን ይማረውና አባባ ለማማር ነው ያቆመው።»

«ቆይ እስኪ።»

አክስቷ ከሶፋው ሳይነሱ ሳቁ። «ጀመረው! ይሄ ሰውዬ ሞት ቢመጣበትም ቆይ ይለዋል።»

«እሱንማ ለምኜ ነው የማቆየው፣ እትዬ።»

መሰላል ላይ ወጣ። ስስ የብረት ማስመሪያውን በምሰሶው ራስና ደረጃውን በያዘው አግዳሚ እንጨት መካከል ሰደደው። ሾልኮ ገባ።

«አላልኩም?» ልጅቱ አጨበጨበች።

እሱ ግን አልወረደም። የምሰሶው ራስ ልስልስ ብሎ ያብረቀርቃል። ምንም የማይነካውን እንጨት ምን አለሰለሰው?

«እስኪ ሁለታችሁም ደረጃውን ውጡ።»

«እኔም?» አሉ አክስቷ።

«በተለይ እርስዎ።»

አክስቷ እየተራገሙ ወጡ፤ ልጅቱ ተከተለቻቸው። ደረጃው አቃሰተ። ጋሽ ቆይ ማስመሪያውን ሳበ፤ ተነክሷል፣ ንቅንቅ አይልም። ባዶው ደረጃ ዋሽቶት ነበር። ደረጃው ሰው ሲወጣበት ምሰሶው ላይ ያርፋል፣ ሲወርዱለት ይነሳል።

«ይሄን ከነካሁት ከነደረጃው ትወርዳላችሁ» አለ።

ልጅቱ ያለችበት ደረጃ ላይ ቁጭ አለች። «እማማን ምን ልበላት ታዲያ?»

ጋሽ ቆይ ከመሰላሉ ወርዶ ትይዩውን ግድግዳ በጣቱ አንጓ መታ። ድምፁ እንደ ባዶ ሣጥን ነው፤ ከኋላው፣ ከወዲያኛው ክፍል በኩል የሚከፈት፣ ማንም የማይጠቀምበት ቁም ሣጥን አለ። ግድግዳ የመሰላቸው ቀለም የተቀባ ኮምፔርሳቶ ነው። በላይኛው ጫፉና በጣሪያው መካከል ማስመሪያውን ሰደደና ቀና አለ።

«እትዬ፣ እዚያው ላይ ወዲያ ወዲህ ይበሉልኝ።»

«ሚዛን አደረግኸኝ እኮ!» አሉ፤ ግን በእልህ ረገጡት። ማስመሪያው እንደ ልቡ ተመላለሰ። ሳይረካ አንዴ አስደገማቸው።

ከዚያ መጋዙን አነሳ። «ልጄ፣ ይሄኛው ምንም አልተሸከመም፤ ዊልቸሩን ከሆስፒታሉ ተበድረሽም ቢሆን አሁኑኑ አምጪልኝ። በዓይን ግምት አልቆርጥም።»

ልጅቱ ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች ወደ በሩ ሮጠች።