ሸምሱ ሳያነብ የፈረመው

ላፍቶ ውስጥ የሸምሱን የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ የማያውቅ የለም፤ ክፉ ጠባዩንም የማያውቅ የለም። ምስማር ሊገዛ የገባ ሰው ሁለቴ ከጠየቀው "ሌላ ቦታ ሂድ" ይባላል። ሲሚንቶ ሲራገፍለት እያንዳንዱን ከረጢት በእጁ ሳይዳስስ፣ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ሳያነብ አይፈርምም። "እኔን የሚሸውድ ገና አልተወለደም" ይላል። እንግዲህ ይህን የሚል ሰው ምን እንዳደረገ ስሙት።

አንዲት ልጅ አለችው፤ ሲሃም ትባላለች፤ አንደኛ ክፍል ናት። ዘንድሮ ትምህርት ቤቷ አባቶች በየሳምንቱ ከልጃቸው ጋር አንድ ገጽ እንዲያነቡ፣ የመምህሯንም ማስታወሻ አይተው የመገናኛ ደብተሩ ገጽ ጀርባ ላይ እንዲፈርሙ አዘዘ። የሸምሱ ደም ፈላ።

"ትምህርት ቤት የላክኋት እነሱ እንዲያስነብቧት ነው። ነገ ደግሞ መጥታችሁ ክፍሉን ጥረጉ ይሉናል" አለ።

"አንድ ገጽ እኮ ነው" አለችው ሚስቱ ዙሌካ። እሷ ፊደል አልቆጠረችም፤ ብትቆጥርማ ኖሮ እሱን ባልለመነች።

"አንቺ ዝም በይ።"

ሸምሱም አንድ እሑድ ስክሪብቶ አነሣና የመንፈቅ ዓመቱን ገጾች፣ ገና ምንም ያልተጻፈባቸውን፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ፈርሞ ጨረሰ። ደብተሩን ለሲሃም ወርውሮላት "በቃ፣ ከእንግዲህ እንዳታመጪብኝ" አላት። ልጅቱም እንደታዘዘችው አላመጣችም።

ጥር ላይ ውጤት መጣ። በንባብ ወድቃለች። ከሥሩ "በዚሁ ከቀጠለች ክፍሉን ትደግማለች" ይላል። ሸምሱ ሱቁን ዘግቶ ገሠገሠ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። መምህሯን ዶርቃን ክፍል ውስጥ አገኛትና ሲሃም ቆማ እየሰማች የስድብ ናዳ አወረደባት።

"ልጄ ደደብ አይደለችም። ደደቧ አስተማሪዋ ናት" አላት።

ዶርቃ ከሐዋሳ የመጣች፣ ድምፅዋ ከፍ የማይል ሴት ናት። ደብተሩን ገልጣ ፊት ለፊቱ ያዘችለት።

"የሲሃም አባት፣ እስኪ ያንብቡት" አለችው።

የጥቅምቱ ማስታወሻ "ሲሃም ሰሌዳው በደንብ የሚታያት አይመስለኝም፤ እባክዎ ዐይን ሐኪም ያሳዩዋት" ይላል። ከገጹ ጀርባ የሸምሱ ፊርማ አለ። የኅዳሩ "ቤት ስታነብ መጽሐፉን ምን ያህል እንደምታቀርበው አይተው ይጻፉልኝ" ይላል። ፊርማ። የታኅሣሡ ደግሞ "እየፈረሙ ለምን አይመልሱልኝም? ለመሆኑ ከልጅዎ ጋር ያነባሉ?" ይላል። እዚያም ያው ወፍራም፣ ያው ኩራተኛ ፊርማ ተጋድሟል።

"መደወል አትችይም ነበር?" አላት፤ ጩኸቱ ግን ቀንሷል።

"ሁለቴ ደውያለሁ። 'ሥራ ላይ ነኝ፣ ደብተሩ ላይ ጻፊው' ብለው ዘጉብኝ።"

ሸምሱ የሚሰድበው ሰው አጣ። ሲሃምን እጇን ይዞ ወጣና ግቢው ውስጥ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣት። የንባብ መጽሐፏን ከቦርሳዋ አውጥቶ "አንብቢልኝ" አላት። ከተወለደች ጀምሮ እንዲህ ብሏት አያውቅም።

ሲሃም መጽሐፉን አንሥታ አፍንጫዋ ላይ ለጠፈችው። አንድ ፊደል አለች፤ ቆየችና ሌላ ፊደል አለች።

"ራቅ አድርገሽ ያዥው።"

አራቀችውና ዐይኗን አጠበበች።

"ምነው?"

"ጠፋብኝ" አለች።

አፈረ፤ ከማፈሩም በላይ ፈራ። መጽሐፉን ተቀብሎ ጉልበቱ ላይ አኖረና፣ ጎንበስ እንኳ ሳይል፣ "ዶሮዋ ውኃ ጠጣች፤ ቀና ብላም ሰማዩን አየች" ብሎ አነበበላት።

ሲሃም ፊቱን ለማየት ተጠጋችው።

"አባ፣ ማንበብ ትችላለህ እንዴ?" አለችው። "እንደ እማ የማትችል መስሎኝ ነበር። አብረን እንደማናነብ ለሚስ ዶርቃም ያልነገርኳት አንተ እንዳታፍር ብዬ ነው።"