ከአፉ ከወጣ በኋላ የሚያውቅ ሰው

የልጅ ልጄ ሞተር ይነዳል። ሚዛን ከተማ ውስጥ ከገበያው ወደ መናኸሪያው ሰው ያመላልሳል። ሄልሜቱን ግን ራሱ ላይ አያደርገውም፤ ክንዱ ላይ አንጠልጥሎት ይዞራል፣ ቤት ሲገባም ባገኘበት ይጥለዋል። ትናንት እኔ የምቀመጥበት ዱካ ላይ አገኘሁት። አንስቼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ውስጡ ላብና ቤንዚን ይሸታል። በጣቴ ኳ ኳ ባደርገው፣ ንብ ለቆት የሄደ ቀፎ የሚሰጠውን ድምፅ ሰጠኝ፤ ደረቅና ባዶ።

«ለምን አታጠልቀውም?» አልኩት።

«ይሞቃል አባባ። ደግሞ ቅርብ ለቅርብ ነው የምሠራው።»

«ይሙቅሃ!» ብዬ ጮህኩበት።

እኔ ጩኸት አላውቅም፤ ልጁ ደነገጠ። ወዲያው ግን ሳቁ መጣና «ዛሬ አባባን ማን ነካብን?» እያለ ወጣ፤ ሄልሜቱን እንደ ልማዱ ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ። ለሱ መንገር ያቃተኝን ላንተ ልንገርህ፤ አንተ እንኳ ቁጭ ብለህ ትሰማለህ።

ታላቅ ወንድም ነበረኝ። ጋሼ ነበር የምለው። የምነግርህ ዘመን ደርግ ገበሬ ማኅበሩን አቋቁሞ፣ ስብሰባ ከዝናብ የበዛበት ጊዜ ነው። ቤታችን ከሚዛን ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ፣ ወደ ጫካው ገባ ብሎ ነበር። ጎደሬ እንተክላለን፣ ከጥላው ሥር ቡና እንለቅማለን፤ የምንኮራበት ሀብታችን ግን ቀፎ ነበር። እኛ ዘንድ ቀፎ ጓሮ አይቀመጥም፤ ረጅም ዛፍ ላይ ይሰቀላል። ዛፉም እንደ መሬት ባለቤት አለው።

ጋሼ ቃል ቆጣቢ ሰው ነበር። ሰው ሲጣላ ወደሱ ይመጣል። የሁለቱንም ሰምቶ፣ ከመሬት ስንጥር አንስቶ እየሰባበረ ዝም ይላል። ዝምታው ሲረዝም የተጣሉት ራሳቸው ማፈር ይጀምራሉ። ከዚያ አንዲት ነገር ጣል ያደርጋል፤ ጉዳዩ አለቀ። ሚስቱ ከቡና ቅጠል የተፈላውን፣ ዝንጅብልና ሚጥሚጣ የገባበትን መጠጥ እየቀዳች «ይሄ ሰው እኔን ሲያገባኝ እንኳ በሽማግሌ አፍ ነው የተናገረው» እያለች ትስቅበት ነበር። እሱም ይስቃል፤ በዓይኑ ብቻ።

ያን ዓመት ማሩ ብዙ ነበር። ጫካው በሙሉ አበባ አበባ ይሸታል። እኔ ከታች ጭሱን አዘጋጃለሁ፣ እሱ ይወጣል። የሐረጉን ገመድ ወገቡና ግንዱ ላይ አዙሮ፣ ወደ ላይ እየወረወረ እየተሳበ ሄደ። ፀሐይዋ በቅጠሎቹ መሀል ሾልካ ጀርባው ላይ ነጠብጣብ ትሠራ ነበር። ወደ ጭሱ ጎንበስ ባልኩበት ገመዱ ሲበጠስ ሰማሁ። ሲወድቅ አላየሁትም። የሰማሁት የቅርንጫፍ ስብራትና ከዚያ በኋላ የንቦቹን ሁካታ ነው። ግንባሩን የመታው ከመሬት የወጣ ሥር ነበር።

በቃሬዛ ሚዛን ወሰድነው። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ቁስሉን ሰፋው፣ መርፌ ወጋው። ብዙ ቀን ሳይነቃ ቆየና ሲነቃ የሁላችንንም ስም ጠራ። ድሬሰሩ ጣቶቹን አውጥቶ «ስንት ነው?» አለው። በትክክል መለሰ። «በቃ ድኗል፤ ውሰዱት» ተባልን። የወንድሜ ሚስት ተንበርክካ መሬት ሳመች። እኔ መንገዱን ሁሉ ስዘፍን ነበር የተመለስኩት።

ሊጠይቁት ከመጡት መሀል አንዱ ጎረቤታችን ዶሮ ይዞ ገባ። ጋሼ ዶሮዋን አየት አደረገና «ምነው፣ ይቺ በሽተኛ ቤትህ ከምትሞትብህ እኛ ጋ ትሙት ብለህ ነው?» አለው።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ጎረቤታችንም ሳቀ። «እሰይ፣ ጨዋታ ጀምሯል!» ተባለ። እኔም ሳቅኩ። ዶሮዋ እውነትም ታማ ነበር።

በሳምንቱ አማቱ መጡ። ቆጮ ቀርቦ ሲበሉ ጋሼ ትክ ብሎ አያቸውና፣ አንቱታውን ሳያጓድል፣ «እማማ፣ ሲበሉ አፍዎ ይጮኻል። ልጅዎን ካገባሁ ጀምሮ እንዳስቸገረኝ ነው» አላቸው። ሴትዮዋ የጎረሱትን እንደያዙ ተነሥተው ሄዱ። ያን ጊዜ የሳቀ የለም። ጋሼ በመዳፉ አፉን ያዘ። ዓይኑ ፈጦ፣ ሌላ ሰው የተናገረ ይመስል ወዲያና ወዲህ ያያል።

ከዚያ በኋላ ነገሩ የየዕለት ሆነ። ያ ዝምተኛ ሰው የመጣለትን ሁሉ ይናገራል። የሰው ሳህን ላይ እጁን ይልካል። በትንሽ ነገር ይቆጣል፣ ቁጣው ሳይበርድ ያለቅሳል። ልጆቹ ሲያዩት ሚስቱ ጀርባ መደበቅ ጀመሩ። ሕመም ነው እንዳንል ድሬሰሩ ድኗል ብሏል። ይሄዳል፣ ይበላል፣ ቡናውን ይለቅማል። ስለዚህ መንደሩ የራሱን ምክንያት አወጣ። «ከሞት ተረፍኩ ብሎ ናቀን» ያለ አለ። «ድሮም ሆዱ ውስጥ የነበረው ነው የወጣው» ያለም አለ። ይሄኛው ነበር የሚያንገበግበኝ።

አንድ ሽማግሌ ደግሞ ነፍሱ ከዛፉ ሥር ቀርታለች አሉና ይዘነው ሄድን። ሽማግሌው ማር በውሃ በጥብጠው ሥሩ ላይ አፈሰሱ፤ ፊታቸውን ወደ ላይ አድርገው ስሙን እየጠሩ «ና፣ ተመለስ፣ ቤትህ ግባ» ማለት ጀመሩ። ጋሼ አጠገባቸው ቆሞ ቆሞ፣ «አባቴ፣ እኔ እዚህ ነኝ፤ ማንን ነው የሚጣሩት?» አላቸው። የመጣው ሰው ሳቁን መያዝ አቃተው። ሽማግሌው ተቀይመው ትተውን ሄዱ። እኔ ሳቄም ንዴቴም መጣ፤ የትኛውን እንደማስቀድም አላወቅኩም።

የሞተረኛው የልጅ ልጄ ታላቅ እህት ጤና ትማራለች። ባለፈው ይህንኑ ብነግራት ጣቷን ግንባሬ ላይ አሳርፋ «አባባ፣ ከዚህ ኋላ ያለው የአንጎል ክፍል ነው አንደበትን የሚይዘው። እሱ ከተጎዳ ሰው ያሰበውን ማስቀረት ያቅተዋል። ጠባይ አይደለም፣ ጉዳት ነው» አለችኝ። ስሙንም ነግራኝ ነበር፤ የፈረንጅ ስም ነው፣ አልያዝኩትም። ይኸው ነው? እንዲህ በአንድ ጣት የሚያልቅ ነገር ነበር? ጨዋ ነው፣ ባለጌ ነው እያልን ሰው ስንመዝን የኖርነው እዚህ ግንባር ውስጥ ባለ ሥጋ ነው? እኔ ራሴ ሲርበኝ ሰው አያስጠጋኝም፣ እንቅልፍ ያጣሁ ቀን ልጆቹን እገላምጣለሁ፤ ስበላና ስተኛ እመለሳለሁ። ጋሼ ግን ቢበላም ቢተኛም የሚመለስበት አልነበረውም። ያኔ አንድ ሰው ጣቱን እንዲህ አሳርፎ ቢነግረን ኖሮ እላለሁ። ቢነገረንስ፣ በኋላ የፈረደበት ካድሬ ይሰማን ነበር?

ቅድም ስብሰባ በዛ ወዳልኩህ ልመለስ። ሂስና ግለ ሂስ የሚባል ነገር ነበር። እያንዳንዱ ተነሥቶ ጥፋቱን ለሰፊው ሕዝብ ይናገራል። ዘዴውን ቶሎ ነበር ያወቅነው፤ ወደ አዳራሹ ስንሄድ መንገድ ላይ ጥፋት እንከፋፈላለን። «አንተ ለመንገድ ሥራ አረፈድኩ በል፣ እኔ መሠረተ ትምህርት ላይ አንቀላፋሁ እላለሁ» እንባባላለን። ሁለት ሰው አንድ ጥፋት ይዞ እንዳይነሣ ነው። ጋሼን ማስቀረት አይቻልም፤ የቀረ ይጠየቃል። ስለዚህ ቀላሏን ሰጠሁት፦ ለልማት ሥራ አካፋ ሳልይዝ መጣሁ። መንገዱን ሙሉ አስደገምኩት። በደንብ ይዟት ነበር።

ዝናቡ የአዳራሹን ቆርቆሮ ይደበድባል። ውስጡ እርጥብ ልብስና ጭቃ ይሸታል። ተራው ደርሶ ጋሼ ተነሣ።

«አካፋ ሳልይዝ መጣሁ እንድል ወንድሜ ሰጥቶኛል» አለ። «አካፋዬ ግን ይቻት፣ በሩ ላይ ናት።»

እጁን ጎተትኩት፤ አልተቀመጠም።

«የኔ ጥፋት ሌላ ነው። የኅብረት ሥራውን ማር ሊቀመንበራችን ቤት ጠጅ ሆኖ ጠጥቻለሁ። ብዙዎቻችን ጠጥተናል። ጥሩ ነበር፤ ጌሾ አነሰው እንጂ።»

ከኋላ የአንድ ሰው ሳቅ አመለጠ። ከዚያ የዝናቡ ድምፅ ብቻ ቀረ። ሊቀመንበሩ ፊቱ ጠቁሮ «አብዮት ጥበቃ!» ብሎ ተጣራ። ጋሼ አፉን በመዳፉ እንደያዘ ወሰዱት።

የማኅበሩ ቡና መጋዘን ውስጥ ነበር ያሰሩት። ምሳ ሳደርስለት ከነገለፈቱ የደረቀ ጀንፈል ቡና የሞላበት ጆንያ ላይ ተቀምጦ አገኘዋለሁ፤ ልብሱ ሁሉ ያንን የታፈነ የቡና ሽታ ይዟል። ከሚዛን ካድሬ መጥቶ እስኪወስን ነው ተባለ። ወደ ሚዛን ተወስደው ያልተመለሱ ሰዎች እናውቅ ነበር። ሽማግሌዎቹ መከሩና አንድ መንገድ አገኙ፦ እብድ ነው እንበል።

የወንድሜ ሚስት አበደች። «እብድ አይደለም! ልጆቼ የእብድ ልጆች ሊባሉ ነው? ነገ ማን ያገባቸዋል? የእሱስ ዛፎች?»

እውነቷን ነበር። እብድ የተባለ ሰው ለዳኝነት አይቀመጥም፣ ምስክር አይሆንም፣ ዛፍ በስሙ አይጠራም።

«እትዬ፣ በሕይወት ይኑርልን፤ ሌላው ይቅር» አልኳት።

መሬት መሬት እያየች እሺ አለች።

ካድሬው ከሊቀመንበሩ ጠረጴዛ ኋላ ተቀመጠ። የእኔ እኩያ ነበር፤ ጢሙ እንኳ በቅጡ አልወጣም። ጋሼን ሳመጣው መንገድ ላይ «ዝም በል፤ ምንም ቢሉህ ዝም ነው» ስለው «እሺ፣ ዝም ነው» እያለኝ ነበር። ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ እብደቱን መሰከሩ። ካድሬው ወደ ጋሼ ዞረ።

«እብድ ነህ ይሉሃል።»

«አይደለሁም።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እኔ በሆዴ፣ ምነው ጋሼ፣ ዛሬን እንኳ፣ እላለሁ።

«ታዲያ የምትናገረውን ታውቀዋለህ?»

ጋሼ ጥቂት አሰበ። ድሮ ስንጥር ሲሰብር የነበረውን ፊት ለአፍታ አየሁት።

«አውቀዋለሁ ጓድ። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የማውቀው።»

ከዚህ የበለጠ ማን ይናገራል? ሐኪም አይደለም፣ መጽሐፍ አልነበረውም። ከዚያ ቤት ግን የሰማው አልነበረም። ምነው እዚህ ላይ ባበቃ! ጋሼ ካድሬውን ቁልቁል እያየ «አንተም እኮ ልጅ ነህ። እጅህ ይንቀጠቀጣል። ማንን ፈርተህ ነው?» አለው።

ካድሬው እጁን ከጠረጴዛው ሥር ከተተ። ሊቀመንበሩን አየው፤ ሊቀመንበሩ ጣሪያውን አየ። ጤነኛ ነው ቢባል የማሩ ነገር ሊጣራ ነው።

«እብድ ነው» አለ ካድሬው። «ከስብሰባ ይታገድ። ውሰዱት።»

ለሁሉም የሚመች ፍርድ ነበር። «እብድ አይደለሁም! አይደለሁም እኮ!» እያለ ጋሼ ሲጮህ እኔ አንገቱን እየሳምኩ እየጎተትኩ አወጣሁት። ሽማግሌዎቹ ውጭ ቆመው እርስ በርስ እንኳን ደስ አለህ ይባባሉ ነበር።

ከዚያ ወዲያ የተጣላ ሰው ወደ ደጃችን አልመጣም። ዛፎቹ በእኔ ስም ተጠሩ፤ ጫካ ስገባ ሰው «ዛፍህ» ሲለኝ መንገድ እቀይራለሁ። ገበያ ስንወርድ ወጣቶቹ «ጋሼ፣ እስኪ ስለዚህ ሰውዬ ንገረን!» ብለው ይተነኩሱታል። እሱ ይነግራቸዋል። እነሱ ይንከባለላሉ። እኔ ክንዱን ይዤ «ዝም በል ጋሼ» እላለሁ። ዓመታቱን በዚህች ቃል ነው የጨረስኳቸው። ሚስቱ አልተለየችውም። ሲሰድባት ትሰማዋለች፣ አፉን በመዳፉ ሲይዝ ደግሞ እጁን ቀስ ብላ ታወርድለታለች።

ደርግ ሊወድቅ አካባቢ ቴፒ ቡና ለቀማ ወርዶ ወባ ይዞ መጣ። ትኩሳቱ ጭንቅላቱ ላይ ወጣ ተባለ። ሲበርድለት ጋሼ ዝም አለ። ቀኑን ሙሉ ዝም። በማግስቱ ጎረቤቶች እየገቡ አዩት። ከመስኮቱ የገባው የማለዳ ብርሃን ፊቱ ላይ አርፎ፣ እንደ ጥንቱ ረጋ ብሎ ተኝቷል።

«ተመስገን ነው» አለ አንደኛው። «ልብ ገዛ። ይኸው ደህና ሰው ሆነ።»

«እውነት ነው፣ ድሮም እንዲህ ነበር» አሉ ሌሎቹ።

ላባርራቸው ፈልጌ ነበር። እስኪወጡ ጠበቅኩና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። እጁ ግንባሩ አጠገብ ወድቋል፤ ያዝኩት።

«ጋሼ፣ እስኪ ስደበኝ» አልኩት።

ዓይኑን ገልጦ አየኝ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን አስጠጋሁ። ትንፋሹ ብቻ መጣ፤ ሞቅ ያለ፣ የኪኒን ምሬት የሚሸት። እንዳጎነበስኩ ቆየሁ፣ ምናልባት አሁን ይናገር ይሆናል ብዬ።