«የለም» የበዛበት መዝገብ

በደርግ ዘመን ጎፋ ውስጥ ወደነበረች አንዲት ትንሽ ክሊኒክ በጤና ረዳትነት ተመድቤ የሄድኩ ዕለት፣ ኃላፊያችን ጓድ ታደሰ ትልቅ መዝገብ አስታቀፉኝ። ሥራዬ የነቀርሳ፣ ማለትም የካንሰር፣ ሕሙማን ከሐኪሙ መድኃኒት ጋር ደርበው የሚወስዱትን ቅጠልና ሥር እየጠየቅሁ መመዝገብ ነበር። ጉዳት ካየሁ ለሐኪሙ እነግራለሁ።

መጀመሪያ ራስህን መዝግብና ተለማመድ አሉኝ። ስም፣ ዕድሜ፣ የባህል መድኃኒት። ለጨጓራዬ አንድ አዋቂ የሰጠኝን ዱቄት ያን ዕለት ጠዋት በጥብጬ ጠጥቻለሁ። ሰውዬው ግን ለሰው ከተናገርክ አይሠራም ብሎ አስምሎኛል፤ በዚያ ላይ አለቃዬ ፊት አፈርኩ። «የለም» ብዬ ጻፍኩ። የመዝገቡ የመጀመሪያ ውሸታም እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲያ ነጭ ጋውኔን አስተኩሼ፣ እስክሪብቶ ደረት ኪሴ ላይ ሰክቼ ሰው ማፋጠጥ ሆነ ሥራዬ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነበርኩ። ሁሉም «የለም» ይላሉ። ወራት አልፈው አንድ ቅጠል አልመዘገብኩም። ጓድ ታደሰ በስብሰባ ላይ ኅብረተሰቡ ነቅቷል ብለው አመሰገኑኝ። ይባስ ብዬ እኔም አመንኩ።

ወይዘሮ ብርቄ ከላፍቶ ወተት እያመጡ የሚሸጡ፣ ለጡት ነቀርሳ መድኃኒት የሚወስዱ ሴት ነበሩ። አንድ ሐሙስ ዓይናቸው እርድ መስሎ መጡ። ሐኪሙ ሌላ የሚወስዱት ነገር እንዳለ ጠየቀኝ። መዝገቤን ገልጬ በኩራት «የለም» አልኩ።

«እንግዲያው በሽታው ጉበታቸው ገብቷል» አለ። «መድኃኒቱን አቁመን ቤታቸው ይረፉ።»

ቤታቸው ይረፉ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የማሰናበቻ ወረቀታቸውን መጻፍ ሲጀምር መዝገቤን ይዤ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ።

ኮሪደሩን ሲያጸዱ ሁሉን የሰሙት እትዬ ዘነበች እጅጌዬን ሳብ አደረጉኝ። «አንተ ልጅ፣ አትናገሪ ተብላ ምላ ይሆናላ። ምን ታስለፈልፋታለህ? አሳዪኝ በላት።»

እኔም የማልኩ ሰው ነኝ፤ ይህ እንዴት ሳይመጣልኝ እንደቀረ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አግዳሚው ላይ ወይዘሮ ብርቄ አጠገብ ተቀመጥኩ። «እማማ፣ አይንገሩኝ። ያሳዩኝ ብቻ።»

 ከዘንቢላቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ጠርሙስ አወጡ፤ ውስጡ ጥቁር ፈሳሽ ነበር።

«እኔ አልተናገርኩም» አሉ፤ «አንተ ነህ ያየኸው።»

ሐኪሙ ጠርሙሱን አሽትቶ «ጉበታቸውን የጎዳው ይህ ይሆናል» አለና ወረቀቱን ቀደደ። ጠርሙሱ ተከለከለ፤ የነቀርሳው መድኃኒት ደግሞ ዓይናቸው እስኪጠራ ተቋርጦ እንዲቆይ አዘዘ። እነዚያን ሳምንታት በፍርሃት ከረምኩ። አንድ ሐሙስ ዓይናቸው ጠርቶ መጡና ሕክምናቸውን ቀጠሉ። ከዚያ በኋላ ባገኙኝ ቁጥር «ዛሬስ ምን ላሳይህ?» እያሉ ይሥቁብኝ ነበር።

እኔም ጋውኔን አውልቄ፣ የራሴን ዱቄት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ መጠየቅ ጀመርኩ። መዝገቡ ሞላ። ጓድ ታደሰ ኅብረተሰቡ ወደ ኋላ ተመለሰ ወይ ብለው ተቆጡ። የመጀመሪያውን ገጽ ገልጬ፣ ከስሜ ትይዩ ያለውን «የለም» ሰርዤ «አለ» ብዬ ስጽፍ ቆመው አዩኝ።

ሰው የደበቀውን እንዲያሳይህ ከፈለግህ፣ የራስህን ቀድመህ አሳይ።