ሥራ አስኪያጁን ብቻ የሚያስገባው ሰርቨር

ባሌ የመናኸሪያው የሰርቨር ባለሙያ ነው፤ እኔ እዚያው ትኬት ቆራጭ ነኝ። ቤት ውስጥ ካልሲው የት እንዳለ አያውቅም፤ ሥራው ላይ ግን አንዲት ነጥብ አታመልጠውም እያልኩ ስኩራራ ኖሬአለሁ። እስከዚያ ሰኞ ድረስ ማለቴ ነው።

ሥራውን አንድ ቀን እራት ላይ አስረድቶኛል። የመናኸሪያውን ሥራ የሚያንቀሳቅሱትን ኮምፒውተሮች፣ ሰርቨሮቹን፣ እየዞረ አንድ በአንድ አያዝም፤ ትእዛዙን ፋይል ላይ ይጽፍና እነሱ እያነበቡ ራሳቸውን ያስተካክላሉ። ፋይሎቹ ተደራራቢ ናቸው፤ ከታች የሁሉም፣ ከላይ የአንዱ ሰርቨር የብቻው። ከተጋጩ የላይኛው የታችኛውን ይሽረዋል።

«ገባኝ» አልኩት። «እኔ ለቤቱ ሕግ አወጣለሁ፤ እናትህ ሲመጡ ይሽሩታል።»

«እንዳይሻር፣ እንዲደመር ማዘዝም ይቻላል እኮ።»

«እስቲ ይህን ለእሳቸው ንገርልኝ!»

በዚያ ሰሞን ሥራ አስኪያጃችን «አለቃ ሆኜ የማልገባበት ሰርቨር እንዴት ይኖራል? የትኬቱ ላይ እኔንም አስገባኝ!» ብለው ወጥረው ያዙት። የባሌ ቅጥር ጊዜያዊ ነው። ቋሚ ይሁን ይሰናበት የሚወስኑት እሳቸው ናቸው፤ ውሳኔውም ሰኞ ነው። እኔ ደግሞ እርጉዝ ነኝ። ታዲያ እምቢ ይበል? በታችኛው ፋይል ካለው የሁላችን የመግቢያ ስም ጋር ይደመራል ብሎ የእሳቸውን ስም በትኬት ሰርቨሩ የብቻ ፋይል ላይ ጻፈው። «ደምር» የምትለዋን ትእዛዝ ግን ረሳት።

ሰኞ ጠዋት ፓስወርዴን ባስገባ «አይፈቀድም» አለኝ። የጎረቤቴም መስኮት «አይፈቀድም»። ሰልፉ በሩን አልፎ መንገድ ወጣ። ባሌ ከመስኮቶቻችን ጀርባ ካለው ክፍሉ ፊቱ አመድ መስሎ ብቅ አለ።

«የእሳቸው ስም ሁላችንንም ሽሮናል» አለኝ። «እኔንም!»

«ፋይሉን አታስተካክለውም?»

«አስተካክያለሁ! ግን ፋይሉን ለሰርቨሩ የሚያነብለት ፕሮግራምም ስሙ ተሽሯል፤ እሱም ውጭ ቀርቷል።»

ወይ ጉድ! ከሰው ልጅ ሁሉ መግባት የሚችሉት ሥራ አስኪያጁ ብቻ ሆነው አረፉት።

ተጠርተው መጡ። ባሌ ልጻፍልዎ ቢላቸው «በስሜ ማንም አይነካም!» ብለው ክራቫታቸውን አስተካክለው ተቀመጡና በአንድ ጣት መምታት ጀመሩ። ባሌ የማስተካከያውን ትእዛዝ ፊደል በፊደል ይነግራቸዋል።

«ሰረዝ።»

«የቷ ሰረዝ?»

«አጭሯ፣ ጌታዬ።»

«አውቶቡሱ ሊሄድብን ነው!» ይላል ሰልፈኛው። የእሳቸው ላብ ኪቦርዱ ላይ ጠብ ይላል። አጠፉት፣ እንደገና ጀመሩ፣ ደግሞ አጠፉት። በመጨረሻ መስኮቶቻችን ተከፈቱ።

«ማነው ይህን ያደረገው?» ብለው ዞሩ።

በዓይኔ «ዝም በል!» አልኩት። ይሄ ደረቅ መች ሰምቶ!

«እኔ ነኝ ጌታዬ። ስምዎን ሳስገባ ተሳሳትኩ።»

በቃ፣ ተባረረ! ልጄን በእኔ ደመወዝ ብቻ እንዴት ላሳድጋት ነው? ሥራ አስኪያጁ ጣታቸውን እያሹ ሰልፉን አዩ፣ ባሌን አዩ፣ ኪቦርዱን አዩ።

«አንተን ባሰናብትህ፣ ነገ ይሄ ነገር ሲዘጋ ማንን ነው የሚጠሩት?»

«ስምዎ እስካለ ድረስ... እርስዎን ነዋ።»

«በል ስሜን አሁኑኑ አውጣ!» አሉ ከወንበሩ እየተስፈነጠሩ። «ከዚያ የቅጥር ወረቀትህን ይዘህልኝ ና፤ እፈርማለሁ።»

እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ከፊቴ የቆመው ተሳፋሪ ደንግጦ በመስኮቱ አንገቱን አሰገገ።

«ምነው እህቴ፣ ቦታ አለቀ እንዴ?»