ወደ ቀኝ ብቻ የምትዞረው እትዬ ካርታ

በዚህ ከተማ አክስቴን በስሟ የሚጠራት የለም። ትልቁም ትንሹም እትዬ ካርታ ነው የሚላት፤ ሥራዋ ብስክሌት መጠገን ነው። ሱቋ ተራራው ግርጌ፣ መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ላይ ነው፤ አራት ሰው ከገባባት አንዱ መውጣት ያለበት ጠባብ ክፍል። በአንዱ ጥግ ብረት ነክሶ የሚይዝ ሞርሳ፣ በሌላው የጎማ መንፊያ ፖምፓ፣ ከጣሪያው ደግሞ ረጅም ሰው ሲገባ ግንባሩን የሚመቱ የጎማ ቸርኬዎች ተንጠልጥለዋል። "ጎንበስ በል" የምትለው ሁልጊዜ ከመታው በኋላ ነው።

ተራራው እሳተ ገሞራ ነው። እሳቱ ከጠፋ ዘመን ቢያልፍም የተፋውን የሰበሰበለት የለም፤ በአንዱ ጎኑ ቀይ አመድ፣ በሌላው ጎኑ እንደ ምላጭ የሚቆርጥ ጥቁር ድንጋይ፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ዱቄት የመሰለ ነጭ አቧራ ዘርግቶ ተኝቷል። በዚህ ሁሉ መሃል የሚያልፈውን አስፋልት ለመንዳት ብስክሌተኛው ከሩቅም ከቅርብም ይመጣል፤ ሽቅብ ከማለቱ በፊትም አክስቴ ደጃፍ ይቆማል።

"እትዬ፣ ዛሬ በየት በኩል ይሻላል?"

"በቀዩ ውጣ። ከሁለተኛው ድልድይ በኋላ ግን የመንገዱን ጠርዝ እንዳትነካ፤ አመዱ ለስላሳ ነው፣ ይውጥሃል።"

ይህን የምትለው ቀና ሳትል ነው። ሰውየው ይሄዳል፤ ከሁለተኛው ድልድይ በኋላ አመዱ እውነትም ለስላሳ ሆኖ ያገኘዋል።

የሱቋ ግድግዳ ላይ የተራራውን መንገድ በሙሉ በቀለም ሥላዋለች፦ የት እንደሚያንሸራትት፣ የት ነፋስ እንደሚገፋ፣ የት ፍሬን እንደሚበላ። የሃያ ስድስት ዓመት ሥራዋ ነው፤ እንግዳ ሁሉ ፎቶ ያነሳዋል። እንግዲህ እኔ የእህቷ ልጅ በመሆኔ ብቻ የማውቀውን ልንገራችሁ። እትዬ ካርታ ብስክሌት መንዳት አትችልም ነበር። አንድም ቀን ኮርቻ ላይ ተቀምጣ አታውቅም፤ ያንን ተራራም ወጥታው አታውቅም።

ዋሽታለች እንዳትሉብኝ። የጠየቃት የለም። አናጺን "ለመሆኑ አልጋ ላይ ትተኛለህ?" ብሎ የሚጠይቅ ማን ነው? መንገዱን ያወቀችው ከጎማ ነው። ብስክሌት ሲመጣላት ከመፍታቷ በፊት ጎማው ውስጥ የተሰነቀረውን በጥፍሯ ትፈለቅቃለች፤ ጥቁር ሲሆን በየት እንደወጣ፣ ቀይ ሲሆን በየት እንደወረደ ይገባታል። የፔዳሉ ካቴና ላይ የተጋገረው ነጭ አቧራ ነፋሱ ከየት እንደነፈሰ ይነግራታል። ከዚያ "የት ጋ ነው ያስቸገረህ?" ስትለው ሰውየው ሳይታወቀው የሆዱን ሁሉ ይዘረግፋል። እሱ ሲወጣ እሷ ብሩሿን ታነሳለች።

ሰላማችን የቆየው ተራራውን የሚዞረው አስፋልት ተገጣጥሞ እስኪያልቅ ነው። የብስክሌተኞች ማኅበር ምርቃት አሰበ። ሊቀመንበሩ ፋርማሲስቱ ናቸው፤ ማንኛውንም ነገር እንደ መድኃኒት ማዘዣ ሦስት ጊዜ ካልደጋገሙት ሰው የገባው የማይመስላቸው። ሱቁ ድረስ መጡ፤ ቸርኬው ግንባራቸውን መታቸው፤ "በምርቃቱ ቀን ከፊት ሆነሽ የምትመሪን አንቺ ነሽ። አንቺ። አንቺ ነሽ" አሏት።

"ጉልበቴን ያመኛል" አለች።

በማግስቱ ቅባት ይዘውላት መጡ።

"ብስክሌት የለኝም" አለች፤ ሃያ ብስክሌት መሃል ቆማ።

ያን ዕለት ትምህርት ቤት መጣችብኝ። እኔ እዚያ ጸሐፊ ነኝ፤ የግቢው ቁልፍም እኔ ጋ ነው። ፊቷ አመድ መስሏል። "ብስክሌት አስተምሪኝ" አለች። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ሳቄ አመለጠኝ፤ በእጇ የያዘችውን ፒንሳ ሳይ ዋጥኩት።

"ለምን እውነቱን ነግረሻቸው አትገላገዪም?" አልኳት።

"ነገ አንዱን 'ፍሬንህን ሳትቀይር እንዳትወርድ' ስለው፣ 'አንቺ የት አይተሽው ነው?' ቢለኝስ? ምን እላለሁ? ሳይሰማኝ ሄዶ ቢሞትስ?" አለች። "ለስሜ አይደለም፣ ልጄ። ለስሜም ነው። ግን ለስሜ ብቻ አይደለም።"

አንጀቴን በላችው። ተማሪዎቹ ከወጡ በኋላ በሩን ቆልፈን ጀመርን። የመጀመሪያውን ሳምንት የተማረችው መውደቅ ነው፤ እሱንም በደንብ ተማረችው። በየውድቀቷ ትነሳና እኔን ሳይሆን ብስክሌቱን ታየዋለች፤ "ጥፋቱ ከመሪው ነው" ትላለች፤ ትፈታዋለች፣ ትገጥመዋለች፣ መልሳ ትወድቃለች። በሁለተኛው ሳምንት ግን ሄደች! ግቢውን ዙሪያውን፣ ቀሚሷን በገመድ አስራ፣ ጥርሷን ነክሳ። ያኔ ነው ጉዱ የታየው። አክስቴ የምትዞረው ወደ ቀኝ ብቻ ነው። ወደ ግራ ስትሞክር ክንዷ ይደርቃል፣ መሪው ይቆለፍባታል፣ ከዚያ ግድግዳ ነው። እኔም ትዕግሥት የሚባል ነገር አልተሰጠኝም፤ "ግራሽን ማን ሰረቀሽ?" እያልኩ ስጮህ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጣልቃ ገብቶ አስታረቀን።

ምርቃቱ ሳምንት ሲቀረው የማኅበሩ ሰዎች ሱቋ ውስጥ ተሰበሰቡ፤ ግማሾቹ ደጅ ቆመው ማለት ነው። ፋርማሲስቱ ጉዞውን አነበቡ። "ተራራውን በግራ ይዘን እንዞራለን። በጥቁሩ እንወጣለን፣ በቀዩ እንወርዳለን።"

በግራ ሲባል አክስቴ ተቀየረች። "በቀኝ!" አለች።

"ምን በቀኝ?" አለ ነፋሱ። ነፋሱ የምንለው ቆጣሪ አንባቢው ጎረምሳ ነው፤ ከብስክሌቱ ይልቅ አፉ ይፈጥናል።

"ተራራውን በቀኝ ይዘን ነው የምንዞረው። ምክንያት አለኝ።"

ምክንያትስ ነበራት። ነፋሱ ሊከራከር አፉን ሲከፍት ፋርማሲስቱ እጃቸውን አነሱ፤ "እትዬ ምክንያት አለኝ ካለች አላት" ብለው ጻፉት። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚባለው ይኸው ነው።

ሰዎቹ ሲወጡ እኔ ግድግዳውን አየሁ። በቀኝ መዞር ማለት በቀዩ ወጥቶ በጥቁሩ መውረድ ማለት ነው። ጥቁሩ መንገድ ደግሞ ከጫፉ ቀጥ ብሎ ቁልቁል የሚወረወር፣ ዳርና ዳሩ ያ ምላጭ ድንጋይ የተደረደረበት ነው። እሱው ላይ በገዛ እጇ፣ በቀይ ቀለም፣ "ይህን ውጡት እንጂ አትውረዱት" ብላ ጽፋለች።

ጣቴን ጽሑፉ ላይ ቀሰርኩ። አየችውና ተቀመጠች።

"ሐሙስ እነግራቸዋለሁ" አለች። ሐሙስ ፋርማሲስቱ ራሳቸው መጡ፤ ጽሑፉን አይተውታል። "መቼም አንቺ ካልሽው መንገዱ ተስተካክሏል ማለት ነው" ብለዋት በደስታ ሄዱ። ዓርብ "ነገ" አለች። ቅዳሜ ጭራሽ ሱቋን ዘግታ ዋለች። እኔ ልናገር ብዬ ሁለት ጊዜ እስከ ፋርማሲው በር ሄጄ ተመለስኩ፤ የሷን ነገር ከአፏ መንጠቅ መስሎ ተሰማኝ። ዛሬም ትክክል ይሁን ስህተት አላውቅም።

እሑድ ጠዋት ሠላሳ አንድ ብስክሌተኛ ተሰለፈ። አክስቴ ከፊት፣ እኔ የዘበኛውን ብስክሌት ተውሼ ከኋላዋ። ቀዩ መንገድ እንደ ጥምጣም ተራራውን ወደ ቀኝ ብቻ እየጠመጠመ ነው የሚወጣው፤ ለሷ የተሠራ ነው የሚመስለው። አካሄዷ ግን የቀንድ አውጣ ነው። እኔ በኀፍረት ስሸማቀቅ ከኋላዬ "አያችሁ ብልሃት? ጉልበት ቆጥቡ ማለቷ እኮ ነው" ሲባባሉ እሰማለሁ። ነፋሱ እንኳ ሳይቀድማት ወጣ።

ጫፉ ላይ ደረስን። የተራራው አፍ ከሥራችን ተከፍቶ፣ ወለሉ ላይ አረንጓዴ ውሃ ተኝቶበታል። አክስቴ ወርዳ ጠርዙ ላይ ቆመች። "ይሄን ያህል ሰፊ ነው እንዴ?" አለችኝ በጆሮዬ፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከዚያ ዞር ብላ ጥቁሩን ቁልቁለት አየችው። ሰዎቹ የራስ ቁራቸውን እያጠበቁ ነው።

"ቁሙ" አለች። "አንድም ሰው እንዳይወርድ።"

ቆሙ።

"በቀኝ እንዙር ያልኳችሁ ወደ ግራ መታጠፍ ስለማልችል ነው። ብስክሌት ከለመድኩ ገና አንድ ወር አልሞላኝም። እዚህ ስወጣም የመጀመሪያዬ ነው። ይሄ ቁልቁለት ሰው ይጨርሳል፤ እያወቅሁ ነው እዚህ ያደረስኳችሁ። ሳምንቱን ሙሉ ልነግራችሁ አፈርኩ።"

ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻል ነበር። ፋርማሲስቱ የራስ ቁራቸውን ማሰሪያ ፈቱት፣ አሰሩት፣ መልሰው ፈቱት።

"ቆይ፣ ቆይ" አለ ነፋሱ፤ ብስክሌቱን ወደ ቁልቁለቱ እንዳዞረ ነው። "ወጥተሽው የማታውቂ ከሆነ፣ መጥፎ መሆኑን በምን አወቅሽ? የት አይተሽው?"

ይኸው መጣ። ስትፈራው የኖረችው ጥያቄ፣ ቃል በቃል፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። 

አክስቴ ግን ቀረብ አለችው። "እኔ መንገዱን አላየሁትም" አለች፤ ድምፅዋ የሱቋ ድምፅ ነው። "ጎማህን ነው ያየሁት። አምና ክረምት ሊገባ ሲል የፊተኛውን ጎማ አምጥተህ 'ምስማር ወጋው' አልከኝ። አሥራ አንድ ቦታ ተቆርጧል፤ አሥራ አንዱም ውስጥ ጥቁር ድንጋይ ነበር። የፍሬንህ ጎማ አልቆ ብረቱ ቸርኬውን በልቶታል። የሸሚዝህ ክንድ ተቀዶ ነበር፣ ቁጭ አድርጌ ውሃ ሰጠሁህ። እንዴት እንደተረፍክ አንተ ንገራቸው። እኔ አልነበርኩም።"

ነፋሱ መሬት መሬት አየ። ሰው ሁሉ እሱን ነው የሚያየው።

"እናቴን እያልኩ ነው የወረድኩት" አለ በመጨረሻ። ይህን ብሎ ብስክሌቱን አነሳና ወደ መጣንበት፣ ወደ ቀዩ አዞረው። ፋርማሲስቱ ተከተሉት። ሌሎቹም አንድ በአንድ አዞሩ፤ አንድም ሰው ጥያቄ አላነሳም። ቁልቁል መፍሰስ ጀመሩ።

እኛ ሁለታችን ቀረን። በቀዩ መመለስ ማለት እስከ ግርጌው ድረስ ወደ ግራ መታጠፍ ነው። አክስቴ ብስክሌቱን ይዛ ቆማለች፤ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አልለየሁም። "በእግሬ እወርዳለሁ፤ አንቺ ሂጂ" አለች። እኔም "ጥዬሽ አልሄድም" ብዬ ልጮህባት ስል፣ ከመታጠፊያው ሥር ነፋሱ ብስክሌቱን እየገፋ፣ እያለከለከ ሽቅብ መጣ። የራሱን ዳር ላይ አጋድሞ የሷን ኮርቻ ከኋላ ጨብጦ ያዘ።

"ኮርቻው ላይ ውጪ" አላት። "ጎማውን እንዳታዪ፣ መታጠፊያውን እዪ። መሪውን አንቀሽ አትያዥው። ትከሻሽን ብቻ ወደ ግራ ጣል አድርጊ። እኔ የምልሽን ስሚኝ፣ እሺ?"

አክስቴ አየችው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ለሰው መንገድ ስትነግር እንጂ ሲነገራት አላየሁም።

"እሺ" አለችና ኮርቻው ላይ ወጣች።